የበረኛዋ አባት እጆች

የሚጣ አባት ሜዳ ዳር ቆሞ ዝም አለ ቢባል ማን ያምናል? በዓይኑ ያየው ሰው እንኳ ዓይኑን አሽቶ ነው ያመነው። ሰውዬው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ እዚህ ላይ ከመጀመሪያው እንግባባ። ልጁን ሲወድ ለጉድ ነው። ችግሩ ሲወድ መጮኹ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የልጆቹ የእግር ኳስ ውድድር ሲጀመር እሱ ከዳኛው ፊሽካ ቀድሞ ይጀምራል። ተከላካዮቹን ያዝዛል፣ ዳኛውን ዕውር ይላል፣ የሌላውን ቡድን አሰልጣኝ ይሳደባል። ከሁሉም በላይ ግን በረኛዋን፣ የገዛ ልጁን፣ የአሥራ ሁለት ዓመቷን ሚጣን መቆሚያ መቀመጫ ያሳጣታል። «ወደ ቀኝ! ቀኝ አልኩሽ እኮ! ኧረ የት ነው የምታዪው አንቺ ልጅ! ውጪ! አትውጪ!» ውጪና አትውጪን በአንድ ትንፋሽ የሚል ሰው ነው።

አንድ ቅዳሜ ሚጣ ጨዋታው እየተካሄደ ፊቷን ወደ መረቡ አዞረች። ሁሉም ጓንቷን የምታስተካክል መስሎት ነበር። ትከሻዋ ሲርገፈገፍ ግን እያለቀሰች መሆኑ ታወቀ። አባቷ ይኼን ጊዜ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አሁን ነው የሚለቀሰው? ዞር በይ፣ ኳሱ እየመጣ ነው!»

በሚቀጥለው ሳምንት አሰልጣኟ ገመድ ይዛ መጣች። አሰልጣኟ ጠዋት ጠዋት ሒሳብ የምታስተምር፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ቀጭን ሴት ናት። ገመዱን ከሜዳው መስመር አምስት እርምጃ አርቃ ከዳር እስከ ዳር ወጠረችና ወላጆቹን ሰበሰበች።

«ከዛሬ ጀምሮ ከገመዱ ወዲህ ማጨብጨብ ይቻላል። አይዟችሁ ማለት ይቻላል። ልጁን ላዝዝ ያለ፣ ዳኛውን የሰደበ፣ የሰው ልጅ ላይ የጮኸ ካለ ግን እሱን ምንም አልለውም። ልጁን አሥር ደቂቃ አስወጣለሁ።»

«ምነው እቴ፣ ቤተ መጻሕፍት ነው እንዴ?» አለ ፋርማሲስቱ። የእሱ ልጅ አጥቂ ናት፤ ድምፁም ከሚጣ አባት ቢያንስ በትንሽ ነው።

«ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ልጅ ሲያለቅስ አላየሁም» አለችው፣ አለቀ።

የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ የቀመሰችው ማን ትሆናለች? ሚጣ። ጨዋታው ከተጀመረ ገና አራት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። የተቀያሪዎቹ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በሁለት ትልልቅ ጓንቶቿ ሸፈነች። ቤት ሲገቡ ጓንቶቹን አውልቃ የምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ አባቷ ፊት አስቀመጠችለት።

«በቃ፣ አንተ ተጫወት» አለችው።

እናቷ ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስትተኩስ የምትውል ሴት ናት፤ ቃል አታባክንም። ባሏን አየችው፣ ሌላ ምንም። እሱም ዓይኑን ከጓንቶቹ ላይ ሳያነሳ ማለ። «ሁለተኛ ከሜዳ ዳር ድምፄን ብትሰሚ ምላሴ ይቆረጥ!» የማለው ከልቡ ነበር። ይኼም ይመዝገብለት።

እንግዲህ የዚህን ሰውዬ ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። ሕንፃ ሥራ ላይ ለክሬን ምልክት ሰጪ ነው። ክሬኑን የሚነዳው ሰው ከላይ፣ ደመና ጥግ፣ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ሠራተኛው «ሰማይ ቤት» ብሎ የሚጠራውም ለዚያ ነው። ሰማይ ቤት ከሥሩ ያለውን አያይም። የሚያየው የምልክት ሰጪውን እጅ ነው። ጠቋሚ ጣት ወደ ላይ ሆኖ ሲሽከረከር፣ አንሳ። ወደ ታች ሆኖ ሲሽከረከር፣ አውርድ። ክንድ ወደ አንድ ጎን ሲዘረጋ፣ ወደዚያ ውሰድ። መዳፍ ጣቶቹን ዘርግቶ ቀጥ ሲል፣ ቁም። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ስንት ኩንታል ብረት በሰው አናት ላይ እንዳሳለፈ እግዜር ነው የሚያውቀው፤ አንድ ቀን እንኳ ግን አንድ ሰው ጫፉን አልተነካበትም። ሥራ ላይ ድምፁን የሰማው የለም። ምናልባት ቅዳሜ የሚጮኸው የሳምንቱ እየተጠራቀመበት ይሆናል።

ሚጣ ምልክቶቹን አፍ ሳትፈታ ነው ያወቀቻቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጠዋት ጠዋት አባቷ የመኝታ ቤቷ በር ላይ ይቆምና ጣቱን ወደ ላይ ያሽከረክራል። እሷም ክሬን እንዳንጠለጠለው ነገር «ግርርር» እያለች ቀስ ብላ ከአልጋው ትነሳለች። መዳፉን ሲዘረጋ ግማሽ ላይ ቀጥ ትላለች። ወደ ቀኝ ሲላት ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲላት ወደ ግራ ትወዛወዛለች። ከዚያ ሁለቱም በሳቅ ይፈርሳሉ። አሁን ትልቅ ልጅ ሆና እንኳ ጠዋት ጣቱን ካላሽከረከረላት አትነሳም። በአባትና በልጅ መካከል ያለው ፍቅር ይኼው ነው፣ በእጅ የሚወራ።

መሐላው በተማለ በሳምንቱ የሚጣ አባት ከገመዱ ወዲህ ከንፈሩን ነክሶ ቆመ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቃል አልወጣውም፤ የአንገቱ ሥር ብቻ ነበር የተገተረው። ከዚያ የማዕዘን ምት ሆነ። ሚጣ ጎሉ መሀል ቆማ ዓይኗ ሳታስበው ወደ አባቷ ሄደ፤ ልማድ ነው፣ ጩኸቱን ለመቀበል። እሱ ጭጭ። ጭጭ እንዳለ ግን ቀኝ ክንዱ በራሷ ጊዜ ከጭኑ ጎን ተነስታ ወደ አንደኛው ቋሚ ተዘረጋች። ሰው አላየም። ሚጣ አየች። ወደዚያው ተወረወረችና ኳሱን ከአየር ላይ ቀለበችው።

ነገር የተበላሸው እንግዲህ እዚያ ላይ ነው። ያን ጊዜ ኳሱን ብትስተው ኖሮ ሰውዬው ያርፍ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! ሰው እንዳያይበት በጃኬቱ ከለል አድርጎ፣ በወገቡ ከፍታ፣ ልጁን እንደ ክሬን ይነዳት ጀመር። ውጪ፣ ቁሚ፣ ወደ ኋላ፣ ዝለይ። በስድስት ጨዋታ ሁለት ጎል ብቻ ገባባት። ሰው «ይቺ ልጅ ተአምር ናት» አለ። በአባቷም ተገረመ። አሰልጣኟ ራሷ ወላጆቹን ሰብስባ፣ «ሁላችሁም ከሚጣ አባት ተማሩ፤ ሰው ከፈለገ ይለወጣል» ስትል፣ ሰውዬው ዓይኑን በጨው አጥቦ እንደ ትሑት ሰው አንገቱን ደፋ። ፋርማሲስቱ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ «ምን ወስደህ ነው? ንገረኝና እኔም ልሽጠው» አለው።

ሚስቱን ግን ማታለል አይቻልም።

«አንተ ሰውዬ፣ እጅህ ምን ሆኖ ነው የሚወራጨው?»

«ትከሻዬን ይዞኝ ነው፤ ላፍታታው ብዬ።»

«እ» አለች። ከእሷ አፍ «እ» ከወጣ ብዙ ነው።

አንድ ማክሰኞ አሰልጣኟ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ጎራ አለች። «ልምምድ ላይ ሚጣ ሌላ ልጅ ናት» አለቻት ለእናቷ። «ቀላሉን ኳስ ሁሉ ታሳልፋለች። መትተው ሳይጨርሱ ወደ ባዶው ገመድ ዞር ትላለች። ቅዳሜ ደግሞ ግድግዳ ትሆናለች። ምን እንደሆነች አልገባኝም።» እናትየው ቤት ገብታ ይኼን ስትነግረው የሚጣ አባት ምን ተሰማው? እውነቱን እንናገር፤ ደስ አለው። «እኔ ከሌለሁ አትችልም ማለት ነው» ብሎ ደስ አለው። ዛሬ ያንን ደስታ ሲያስታውስ ራሱን በጥፊ ማጠናገር ያምረዋል።

ግማሽ ፍጻሜው ደረሰ። ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ ሆኖ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ የልጆቹ ውድድር ሊቀመንበር፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ፣ የገመዱን ጥግ ይዘው እየተራመዱ መጡ። ለወላጁ ሁሉ አንገታቸውን እየነቀነቁ መጥተው መጥተው የሚጣ አባት ፊት ቆሙ። ከዘራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጎጡና ቀኝ እጁን በሁለት እጃቸው ጥርቅም አድርገው ያዙት።

«አንተ ነህ የሚጣ አባት?»

«አዎ፣ አባቴ» አለና ትልቅ ሰው ናቸውና ግራ እጁንም ጨመረላቸው። አራት እጅ አንድ ላይ ሆነ።

«ሰምቼ ነው የመጣሁት። አሰልጣኟ ነግራኛለች። ልጄ፣ እንዳንተ ያለ ወላጅ አሥር እንኳ ቢኖረኝ...»

ከሽማግሌው ትከሻ በላይ የሌላው ቡድን አጥቂ ከመሀል ሜዳ ኳስ ይዛ ስትወጣ አየ። አንዷን ተከላካይ አለፈቻት። ሁለተኛዋ ተንሸራትታ ወደቀች። ሚጣ ብቻዋን ቀረች። ሚጣ ደግሞ ኳሱን አላየችም፤ ገመዱን አየች። አባቷን አየች። ዓይኗ እጁን ፈለገ።

«...ይኼ ሁሉ ጭቅጭቅ ባልነበረ። ልጆቻችን በሰላም...»

እጁን ሳብ ለማድረግ ሞከረ፤ ሽማግሌው ጭራሽ ጠበቅ አደረጉት። መንጭቆ እንዳይወስድ የአባቱ እኩያ ናቸው፣ ይወድቃሉ። እንዳይጮኽ ምሏል፤ ቢጮኽም ልጅቷ ልትወጣ ነው። እጅ እግሩ ታሰረ ሲባል ሰምቶ ያውቃል፤ እንዲህ ነው ብሎ ግን አስቦት አያውቅም። ሚጣ ጎሉ መሀል ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ትጠብቃለች። ኳሱ እንኳ ቸኩሎ አልመጣም። እየተንከባለለ፣ እየተንከባለለ በግራዋ በኩል አለፈ። ሚጣ ንቅንቅ አላለችም።

ወዲያው የማብቂያው ፊሽካ ተነፋ። ሌላው ቡድን ጨፈረ። ሚጣ ጓንቷን ሳታወልቅ ሜዳውን አቋርጣ ቀጥታ ወደ ገመዱ መጣች፤ አሰልጣኟም «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያለች ከኋላዋ ተከተለቻት። ሽማግሌው አሁንም የሰውየውን እጅ አልለቀቁም።

«አባዬ» አለች ሚጣ፣ «እጅህ የት ነበር?»

ወይ ጉድ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ምን ነበረበት! አሰልጣኟ ልጅቷን አየች። የተያዘውን እጅ አየች። ልምምድ ላይ ባዶ ገመድ የሚፈልጉት ዓይኖች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣው ግድግዳ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሲገጥምላት ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። የሒሳብ አስተማሪ ናት፣ ብዙ አልፈጀባትም።

«ስንት ሳምንት ሆነው፣ ጋሼ?»

«ሰባት» አለ። ድምፁ አልወጣም፤ ከንፈሩ ነው የተንቀሳቀሰው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች አሰልጣኟ። «ገመዱን የወጠርኩት ለአፍ ብቻ ነው።»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ሽማግሌው አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን እያዩ፣ «ምነው? ምን አጠፋሁ?» ብለው ጠየቁ።

ከሰዓት በኋላ ሚጣ የቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ጓንቶቿን በሳፋ ታጥባለች። አባቷ ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ተቆጥተሻል?»

«አልተቆጣሁም።» ጓንቱን ጨመቀችው። «ኳስ ሲመጣ ጭንቅላቴ ባዶ ይሆናል። የት እንደምሄድ የማውቀው እጅህን ሳይ ብቻ ነው። ድሮ ትጮኽብኝ በነበረ ጊዜ ሰምቼ እንዳልሰማሁ መሆን እችል ነበር። እጅህን ግን አይቼ እንዳላየሁ መሆን አልቻልኩም፣ አባዬ።»

«ሁለተኛ አልመጣም። ቅዳሜ ሥራ እገባለሁ» አላት።

«እሱማ አይሆንም። ካልመጣህ ስፈልግህ ነው የምውለው።» ትንሽ አሰበች። «ና። ቁም። ግን እጅህን አታንቀሳቅስ። ቅዳሜ ለሦስተኛ ደረጃ የምንጫወተውን ያላንተ እጅ ከቻልኩ እቀጥላለሁ። ካልቻልኩ ጓንቱን ለአሰልጣኟ እመልሳለሁ፤ ለሌላ ልጅ ይሁን።»

«ሚጣዬ፣ እንደሱማ አትበይ...»

«ጓደኞቼ በኔ ነው የተሸነፉት። ለምን ዝም ብዬ እንደቆምኩ ሲጠይቁኝ ምን ብዬ ልንገራቸው?»

በማግስቱ ጠዋት በሯ ላይ ቆሞ ጣቱን ሊያሽከረክር ሲል እጁ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። በአፉ «ተነሺ» አላት። እሷም ያለ ምንም «ግርርር» ተነሳች።

ሰኞ ሥራ ቦታ ሰማይ ቤት በሬዲዮ ጮኸበት። «አንተ፣ ዛሬ ምን ሆነሃል? እጅህ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ከሥር ሰው አለ እኮ!»

ሰማይ ቤት ለምሳ ሲወርድ የሚጣ አባት ነገሩን ሁሉ አጫወተው። ሰውየው ዳቦውን እያላመጠ አዳመጠና መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወው።

«ስማ፣ እኔ ያንተን እጅ የማየው ወድጄ መሰለህ? ከዚያ ላይ ሆኜ ከሥሬ ያለው አይታየኝም። ቢታየኝማ አንተ ምን ታደርግልኛለህ! ያንተ ልጅ ግን ኳሱ አፍንጫዋ ሥር ነው። ከገመድ ኋላ ሆነህ ምን ታይቶህ ነው የምትነዳት?»

«የሚታየኝ ይመስለኝ ነበር» አለ የሚጣ አባት።

ረቡዕ ከሥራ ሲወጣ እግሩ ወደ ሜዳው ወሰደው። እንዳታየው ብሎ ከአጥሩ ውጭ፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮለቀ። ልጆቹ ተራ በተራ ወደ ጎል ይመታሉ። ሚጣ አንዱን ኳስ ሳትነካው አሳለፈች። ሁለተኛውንም። በእያንዳንዱ ኳስ ፊት ዓይኗ ለአንድ አፍታ ወደ ገመዱ ይሄዳል፤ እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቆምባት ቦታ ላይ ያርፋል፤ ሲመለስ ኳሱ መረቡ ውስጥ ነው። ጓደኞቿ አይስቁባትም። መሳቁን ትተው በዝግታ፣ እያዘኑላት፣ ለስላሳ ለስላሳውን ይመቱላት ጀመር። ይኼን ሲያይ ገብቶ ሊያቅፋት ፈለገ። ቢገባ ምን ሊሆን? ዞራ እጁን ልታይ። ቆርቆሮውን ይዞ እዚያው ቀረ።

ቅዳሜ ጠዋት እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ አወጣ፣ ደግሞ ከተተ። ሚስቱ አይታው፣ «ላንተ ኪስ አይበቃህም» አለች። ገመዱ ጋ ሲደርሱ ሁለቱንም እጆቹን በሁለት እጆቿ ያዘቻቸው። ዕድሜ ልኩን ካውያ የጨበጠ እጅ ነው፣ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከሠርጋቸው ወዲህ ሰው ፊት እጅ ለእጅ ተያይዘው አያውቁም። ፋርማሲስቱ «ኧረ ባካችሁ፣ ልጆች ያያሉ» ብሎ ቀለደ። የሳቀለት አልነበረም።

በስድስተኛው ደቂቃ የመጀመሪያው ኳስ መጣ። ሚጣ አየች፤ ኳሱን ሳይሆን አባቷን። እጆቹ በእናቷ እጅ ውስጥ ናቸው። ገባ። በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ሁለተኛው መጣ። እንደገና ዞረች፣ እንደገና ገባ። ሦስተኛው ሲገባ አንዷ ተከላካይ ሜዳው ላይ ዝርግፍ ብላ ቁጭ አለች። ከኋላ አንድ የማያውቀው ሰው፣ «ይቺን ልጅ ማን ነው እንዲህ ያደረጋት? ኳሱን እኮ አታየውም!» ሲል ሰማ። ደሙ ፈላ። ድሮ ቢሆን ዞሮ ያንቀው ነበር። አሁን ግን በምን አፉ? ያደረጋት እሱ ነው።

«ልቀቂኝ» አላት ሚስቱን በሹክሹክታ። «አንዴ ብቻ። ሦስት ጎል እኮ ነው። ልጄ እያየኋት ልታልቅ ነው።»

«አልለቅም።»

«በእናትሽ!»

«እኔም እናት ነኝ» አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ እጇ ግን አልላላም።

በእረፍት ሰዓት ሚጣ ውሃ እየጠጣች ወደ ገመዱ አየች። አላለቀሰችም። ምነው ባለቀሰች! የተዘጋ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ይከፈት ይሆን እያለ እንደሚጠብቅ ሰው ነበር የምታየው። ተቀያሪዋ በረኛ መስመሩ ላይ ሰውነቷን ታፍታታለች። አሰልጣኟ ሚጣ ጋ ሄዳ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ሚጣ ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች። ምን እንደተባባሉ አባቷ አልሰማም፤ አሰልጣኟ የወጠረችው ገመድ በመካከላቸው አለ። ጓንቶቿን ጠበቅ አድርጋ ወደ ጎሉ ስትመለስ ብቻ ነው ያየው።

ሁለተኛው አጋማሽ በተጀመረ በሦስተኛው ደቂቃ አራተኛው ገባ። እሱም ዓይኑን ጨፈነ። እጄ ባይንቀሳቀስ ዓይኔ ያዝዛታል፣ ቅንድቤ ያዝዛታል ብሎ ፈራ።

«ክፈት» አለች ሚስቱ።

«አልችልም።»

«እሷ እዚያ ቆማ እየቻለች አንተ ማየት አልችልም ትላለህ? ክፈት።»

ከፈተ። የሌላው ቡድን አጥቂ ተከላካዮቹን ጥላቸው እየመጣች ነው። ሚጣ ብቻዋን ናት። የባለፈው ሳምንቱ ራሱ ነው። «ቁሚ! ከመስመሩ እንዳትነቃነቂ!» አለ በሆዱ። «አሁን ትዞራለች። አሁን ታየኛለች።»

ሚጣ አልዞረችም።

ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ ኳሱን አየችው፣ ኳሱን ብቻ። ከዚያ ከጎሉ ፈንጥቃ ወጣች፤ ሮጣ አጥቂዋ እግር ሥር ተወረወረች፤ አቧራው ተነሳ። ሲሰክን ኳሱ ደረቷ ላይ ነበር፣ በሁለት ጓንቶች ታቅፎ።

ሜዳው ተናጋ። አሰልጣኟ፣ ያቺ ድምፅ የሌላት ሴት፣ «እሰይ!» ብላ ዘለለች። ፋርማሲስቱ ገመዱን ሊበጥሰው ምንም አልቀረው። የሚጣ አባት ግን ቁልቁል እጁን ነበር የሚያየው። ሚስቱም እሱኑ ታያለች። ቀኝ መዳፉ በእሷ እጅ ውስጥ ጣቶቹን ዘርግቶ ቀጥ ብሏል። ቁሚ እያላት ነበር።

«ብትለቂኝ ኖሮ...» አለ። ብትለቀው ኖሮ ልጁን መስመሩ ላይ ገትሮ አምስተኛውን ያስገባባት ነበር። ምናልባት ባለፉት ሳምንታትም እሱ ያዳናት የመሰለውን ሁሉ እሷ በራሷ ትይዘው ነበር። ማን ያውቃል? አሁን ማወቂያም የለውም።

«አጨብጭብ» አለችው ሚስቱ እጆቹን እየለቀቀችለት። ጣቶቹ ደንዝዘው ነበር። ቢያጨበጭብም ድምፅ አልወጣቸውም።

ከዚያ በኋላ ሚጣ ሁለት ኳስ ያዘች፣ አንድ አመለጣት። አምስት ለአንድ ተሸነፉ። አንድም ጊዜ ግን ወደ ገመዱ አልዞረችም። ስትይዝም አልዞረችም፣ ሲያመልጣትም አልዞረችም። ሰውዬው ነፍሱን ይዞ ይጠብቅ ነበር። ደስ ሊለው ይገባል፤ ደስም ብሎታል፤ ግን ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር ባዶ ሆነበት። ሰባት ሳምንት ሙሉ የልጁ ዓይን እሱ ላይ ነበር። ይኼን ያህል እንደሚወደው እንኳ ሳያውቅ ለምዶት ኖሯል።

ጨዋታው ሲያልቅ ጓንቶቹን ለአሰልጣኟ አልሰጠችም። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸውና ዚፑን ዘጋችው። አባቷ ዚፑ እስኪዘጋ ድረስ አልተነፈሰም።

ወደ ቤት ሲሄዱ ሚጣ ከእናቷ ጋር ከፊት ከፊት እየተራመደች ስለዚያች ኳስ ታወራለች፣ ደግማ ደጋግማ። እሱ ቦርሳዋን ተሸክሞ ከኋላ ይከተላል። መታጠፊያው ላይ ድንገት ዞረች።

«አባዬ፣ ከእረፍት በኋላ ነበርክ እንዴ?»

«ነበርኩ።»

«ውይ፣ የሄድክ መስሎኝ! አላየሁህም እኮ!» ፊቷ በርቷል። ክፋት የለባትም፤ የምሥራች ነው የነገረችው።

«ጎበዝ» አላት። «ጎበዝ፣ የኔ ልጅ።» እሷም ዞራ ወሬዋን ቀጠለች።

እሑድ ጠዋት ቀድሞ ተነሳና የመኝታ ቤቷ በር ላይ ቆመ። ሳምንቱን ሙሉ ለእሷ ያላነሳውን ጣቱን ወደ ላይ አነሳ። አልጋው ተነጥፏል። በጓሮ በኩል ኳስ ግድግዳ ሲመታ ይሰማል። ጣቱን እንዳነሳ ጥቂት ቆየና እጁን ኪሱ ከተተ።